ንጹሕ መሆን የነበረበት ሳህን

የተወደዳችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ከሐዘናችን ስለተካፈላችሁ እያመሰገንን፣ እኛ ታናናሾቻቸው «እቴቴ»፣ ባልደረቦቻቸው ደግሞ የሥራ ጠረጴዛቸውን ሰው እንዲነካባቸው ስለማይወዱ «አይነኬ» የሚሏቸውን የታላቅ እኅታችንን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናሰማችኋለን።

እቴቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ካባታቸው ለክቶ መቁረጥን፣ ከእናታቸው እጅን እስከ ክርን መታጠብን ስለወረሱ፣ በቤታችን ሳሙና በርክቶ አያውቅም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ሲማሩ፣ አንድ ቀን የሳይንስ መምህሩ ከሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ አንሥተው፣ አዮዲን ጠብ አድርገውበት በማይክሮስኮፕ አሳዩአቸው። በግድግዳ የተያያዙ ክፍሎችን፣ በየክፍሉም ጠቆር ያለች ነጥብ አዩ፤ ክፍሉ ሕዋስ፣ ነጥቧም የሕዋሱን ሥራ የምትመራው ኒውክለስ መሆኗን መምህሩ ቢነግሯቸው፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች እስኪጮኹባቸው ድረስ ዐይናቸውን አላነሡም። የዚያን ዕለት ማታም «ይኼ ሁሉ ሰፈር እንዴት ይበላል?» ብለው ሽንኩርት ያለበትን ወጥ አልቀምስም ማለታቸውን እናታችን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያወሩባቸው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን ፈጽመው በሆስፒታል ላብራቶሪ ከተቀጠሩ በኋላ፣ ባክቴሪያ የሚበቅልበትን ምግብ የማዘጋጀቱ ሥራ የእርሳቸው ሆነ። ለዚሁ የተዘጋጀውን ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ በእንፋሎት ግፊት ቀቅለው፣ እጅ የሚችለው ያህል ሲበርድ የበግ ደም ጨምረው ክዳን ባላቸው ትንንሽ ሳህኖች ይገለብጡታል፤ ሲረጋም የሕመምተኛው ናሙና ይቀባበትና ሙቀቱ በማይለዋወጥ ሣጥን ውስጥ ያድራል። ለተለማማጆች ሲያስተምሩ፣ ባክቴሪያ ኒውክለስ እንኳ የሌላት ነጠላ ሕዋስ ብትሆንም ከተመቻት በአንድ ሌሊት ቤተሰቧ ሳህን እንደሚሞላ ይነግሯቸው ነበር። ከእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ምንም ያልተቀባበት ሳህን ከሌሎቹ ጋር እንዲያድር ማድረግም የማይሻር ደንባቸው ነበር፤ በባዶው ላይ ከበቀለ ጥፋቱ የምግቡ እንጂ የታማሚው አይደለምና።

ባለቤታቸውን ያገኙት ይኸው ሣጥን ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በተጠራ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው እጃቸውን ደግመው ደጋግመው እንዲታጠቡ ታዘው፣ ታጥበው ሳይጨርሱ ልባቸው እንደተወሰደ ዛሬም ድረስ ይናገራሉ። በትዳራቸውም አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የእቴቴ ታሪክ ሲነሣ ግን ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ታናሽ እኅታችን በተደጋጋሚ ፅንስ ካጡ በኋላ በዚያው ሆስፒታል ወንድ ልጅ በተገላገሉ ሰሞን፣ በክፍሉ ካሉት ጨቅላዎች አንዱ ትኩሳት ስለያዘው፣ ሐኪሙ ከሁሉም እምብርት ላይ በጥጥ ናሙና እንዲወሰድ አዘዙ። በማግስቱ የሁሉም ሳህን አንድ ዓይነት ነገር አብቅሎ ተገኘ፤ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሐኪሙ የፈሩት ዓይነት፣ በትር መሳይ ቀይ ባክቴሪያ ሆነ። የእኅታችን ልጅ ሳህንም እንደ ሌሎቹ ነበር። ሐኪሙ ክፍሉን ዘግተው፣ ጆሮ ሊያደነቁር የሚችል ከባድ መድኃኒት ሊያስጀምሩ ተነሡና፣ ከዚያ በፊት ባዶው ሳህን ምን እንዳሳየ ጠየቁ።

እቴቴ ባዶ ሳህን አላስገቡም ነበር። እኅታቸው በምጥ ላይ ሳሉ በላብራቶሪውና በማዋለጃው መካከል ሲሮጡ ደንባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘለሉት፤ የጨመሩትም ደም ቀደም ሲል ተከፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሰነበተ ጠርሙስ ነበር። አይነኬ የተባሉት ሴት፣ ተለማማጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ይህን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከዚያው ዝግጅት የተረፉት ሳህኖች ምንም ሳይቀባባቸው በሣጥኑ እንዲያድሩ ተደረገ፤ ሐኪሙም ከሕፃናቱ አንዱ እንኳ ቢብስበት መድኃኒቱን ወዲያው ሊያስጀምሩ፣ ነርሶችም ካጠገባቸው ላይለዩ ተስማምተው እስከ ጠዋት ታገሡ። ዕድሜ ልካቸውን ሳህኔ ንጹሕ ይሁንልኝ ሲሉ የኖሩት እቴቴ፣ የዚያን ዕለት ሳህናቸው ቆሽሾ እንዲገኝ ፈጣሪያቸውን ለመኑ።

ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት ሳህኖቹ ሁሉ በቅለው፣ ያው ቀይ በትር ሞልቷቸው ተገኙ። እቴቴ «ተሳስቻለሁ! እሰይ፣ ተሳስቻለሁ!» እያሉ በኮሪደሩ ሲሮጡ ያዩ ሁሉ አእምሯቸውን የሳቱ መስሏቸው ነበር። ናሙናው በአዲስ ሳህን፣ በዚህ ጊዜስ ባዶውም ታክሎበት ቢደገም የተፈራው ባክቴሪያ በአንዱም ጨቅላ ላይ አልተገኘም፤ የዚያ ሕፃን ትኩሳትም ልብስ አብዝተው ስለደራረቡበት ኖሮ፣ ሲቀንሱለት በረደ። ከዚያ ወዲህ እቴቴ ይህን ታሪክ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ራሳቸው ይተርኩ ነበር፤ በዚያ ቀን የተደሰቱትን ያህል በሠርጋቸውም አልተደሰቱም ነበር፤ ባለቤታቸውም ይህን ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሀገር ያለ ሕክምና ሁሉ ሲደረግላቸው ቆይቶ፣ ትንፋሽ ማግኘት ብርቅ ሆኖባቸው ብዙ ተሠቃዩ። በመጨረሻዋ ጠዋት ግን ትንፋሻቸው ረገብ፣ ፊታቸውም ፈታ ብሎ፣ እጃቸው በታናሽ እኅታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። አዝነናል፤ ያ ሲቃ ስላበቃላቸው ደግሞ እፎይ ብለናል፤ ይህንንም ስንናገር አናፍርም።

እቴቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውንና ዛሬ እዚህ ከፊታችሁ ቆሞ የሚያለቅሰውን ያን የእኅታችንን ልጅ ትተው አልፈዋል። በዚያ ክፍል አብረውት ተኝተው የነበሩ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ልጆቻቸው ሲጠሯቸው በደኅና ጆሯቸው የሚሰሙ፣ ምን እንዳለፋቸውም የማያውቁ ሌሎችም አሉ። ለእነርሱ እፎይታ ሲሉ ለገዛ ስማቸው ያልሳሱትን የታላቅ እኅታችንን ነፍስ እግዚአብሔር እፎይ በምትልበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።