ቡላ የበላው ስልክ

«ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀመጣል ተባለ እንጂ፣ ቡላ ውስጥ ክተተው ማን አለህ?» አለ ስልክ ጠጋኙ ነስሩ፣ አንድ መምህር ከጃጁራ ሆሳዕና ድረስ ይዞት የመጣውን ስልክ በመርፌ እየጎረጎረ።

«ቤት ሩዝ አልነበረም። እናቴ ቡላም ነጭ ነው አለች።»

«ነጭስ ነው፤ ግን እርጥብ ነው። ቻርጅ ስታደርገው ደግሞ ቺፑ ላይ በስሏል። ገንፎ ሆኗል እኮ ወንድሜ፣ የቀረው ቅቤው ብቻ ነው!»

ተራዬን የምጠብቀው እኔ ሳቅሁ። መምህሩ ግን ላብ በላብ ሆኗል። እንደነገረን፣ ሽማግሌዎቹ ሀደሮ ሄደው ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ ጠይቀውለታል፤ አባቷ መልሱን ዛሬ በዚሁ ስልክ ሊነግሩት ነው። አሳዘነኝና ሲም ካርዱን አውጥተን እኔ ስልክ ውስጥ ከተትነው። ወዲያው ጠራ።

«ከጠዋት ጀምሮ የት ጠፋህ?» አሉ አባትየው፤ ድምፃቸው ሱቁን ሞላው።

«ይቅርታ አባባ፣ ስልኬ ውሃ ውስጥ ወድቆብኝ ነው።»

«ልጄንም የምትይዛት እንዲህ ነው?»

መምህሩ ገንፎውን አየ። «ኧረ አባባ! እሷንስ ዝናብ አላስነካትም።»

ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ የሴቶች ሳቅ ፈነዳ። «በል፣ እሁድ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና» አሉ አባትየው።

«እሺ አባባ፣ እሺ!» እያለ መምህሩ ነስሩን ግንባሩን ሳመው፤ እኔንም ሳመኝ። ከዚያም ስልኬን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ ወጣ። በሩ ከኋላው ጓ ብሎ ተዘጋ።