የመሪጌታ እንግሊዝኛ

ነገሩ የሆነው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሰቆጣ ላይ እንግሊዝኛ የምታስተምረው መምህርት ምስራቅ ከገበያ ስትመለስ፣ መሪጌታ አሥራተ ማርያም አህያ ጭነው ከከተማው ሲወጡ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ጭነቱን ስታይ ክው አለች። የተማሪዋ የዘመናይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና ድስት ነው። ዘመናይ ራሷም ዓይኗ በልቅሶ አብጦ አባቷን ከኋላ ትከተላለች።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ? ወዴት ነው በደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ቤታችን፣ ወደ ፃግብጂ ነዋ! በእንግሊዝኛ ጣላችኋት አይደል? ለጎረቤታችን ለቅጣው ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ትዳሯን ትያዝ።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት እኮ!»

«ምን ላድርግ? የእንግሊዝኛውን ቃል አንድ ሳይቀር ይዛለች። ያስጠናኋት እኔው ነኝ። ዘመናይ፣ በይ እስቲ!»

ዘመናይ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ወረደችው። «ቲንክ፣ ማሰብ፤ ኖው፣ ማወቅ፤ አንደርስታንድ፣ መረዳት፤ ሪሜምበር፣ ማስታወስ…»

መሪጌታ አርጩሜያቸውን አነሱ። «ለርን፣ መማርን የት ጣልሽው?»

ምስራቅ ራሷን ያዘች። እንግዲህ ልብ በሉልኝ! መሪጌታ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አይለዩም። ልጃቸው ስንቅ ልትወስድ ቤት ስትመጣ የምታነበውን በጆሯቸው እየሰሙ ሙልጭ አድርገው ሸምድደውታል። ድጓ የያዘ አእምሮ ይህን ቢይዝ አይገርምም። አንጀት የሚያሳርረው፣ የሸመደዱትን ሁሉ ዕውቀት ነው ማለታቸው ነው።

«ታዲያ ይህ እንግሊዝኛ አይደለም?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«አይደለም መሪጌታ! ስንቴ ልንገርዎ? ፈተናው ‹ካነበብሽው ምን ተረዳሽ?› ሲላት ‹አንደርስታንድ፣ መረዳት› ብላ ጽፋ ወጣች! ሒሳቡም ባዮሎጂውም ከእንግዲህ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንዴት ልትሆን ነው?»

«እና ምን ጎደለው?»

ኤዲያ! ምስራቅ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እርስዎስ ዳዊት የደገሙ ዕለት ትርጓሜውን አወቁት?»

«የት ተገኝቶ! ትርጓሜማ ጎንደር ድረስ ሄጄ ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«መምህርዎ እየገረፉ ያስደግሙዎት ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! ‹አንድም› እያሉ ይፈቱልናል፤ ያልገባንን እንጠይቃለን፣ እንሟገታለን። የማይጠይቅ ተማሪማ ከንቱ ነው ይሉን ነበር።»

«ታዲያ ለልጅዎ ንባቡን ሰጥተው ትርጓሜውን ለምን ነሷት?»

«ማን ከለከላት? አፍ የላትም? ካልገባት አትናገርም ነበር?» ብለው ጮኹ።

ያን ጊዜ ዘመናይ ቀና አለች። «አይ ዲድ ኖት አንደርስታንድ። አይ ዎዝ አፍሬይድ ቱ አስክ።»

መሪጌታ ከሸመደዱት ውስጥ ፈለጉት፤ አጡት። «ምን አለች?»

ምስራቅ አፏን ስትከፍት ዘመናይ ቀደመቻት። «አልገባኝም ነበር፤ ለመጠየቅ ፈራሁ ነው ያልኩት። የፈራሁት እርስዎን ነው አባቴ።»

መሪጌታ መንገድ ዳር ቁጭ አሉ። «እኔም ጎንደር ከመሄዴ በፊት፣ በልጅነቴ፣ የምፈራቸው መምህር ነበሩ» አሉ። «ካስተማሩኝ አንዲቷም ልቤ ውስጥ አልቀረች።»

ምስራቅ ንዴቷ ቢበርድላትም ምክሯን አልተወችም። የዋለችበትን በእንግሊዝኛ ታውራ፤ ስትሳሳት አይምቷት፤ ልጅ ቃልን የሚይዘው በገዛ ራሱ ጉዳይ ሲናገርበት ነው፤ ቋንቋው ከገባት ሌላውም ትምህርት ይገባታል፤ ነገ እንደኔ መምህርት ብትሆን ለእርስዎም መጦሪያ ናት አለቻቸው።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ ወደ ዘመናይ ዞረው፣ «‹አልገባኝም› በእንግሊዝኛ እንዴት ነው? አፌ አልለመደውም።»

«አይ ዶንት አንደርስታንድ።»

«አይ ዶንት አንደርስታንድ፣ አልገባኝም! አይ ዶንት አንደርስታንድ፣ አልገባኝም!» ብለው በዜማ ያዙት። ምስራቅ፣ ወይ ጣጣ፣ እንደገና ጀመሩት ብላ ፊቷን አዞረች።

«ኧረ መድገሙ ይቅር አባቴ!» አለች ዘመናይ። «ምኑ ነው ያልገባዎት?»

መሪጌታ ዜማውን አቆሙ። «ለቅጣው ልጅ ልሰጥሽ ለምን እንደቸኮልኩ» አሉ።