ጉልቻው የት ይተከል?

አቶ ይርዳው ለአዲሱ ጎጇቸው ሦስት የጉልቻ ድንጋይ በአህያ ጭነው ከወንዝ ሲመለሱ፣ ዙፋን የምትባል ወጣት ጤና ረዳት መንገድ ላይ አገኘቻቸው። አዛውንቱ ከደጋው ከወገራ ወርደው ቆላው ገንዳ ውሃ አጠገብ በገበሬ ማኅበሩ በኩል መሬት ካገኙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ሰሊጡ ሰምሮላቸዋል። የባለቤታቸው የወይዘሮ ትርንጎ ዓይን ግን እንደቀላ፣ እንባ እንዳቀረረ ይውላል። አዛውንቱ ይህን የደጋው ናፍቆት ነው ብለው አምነዋል፤ አዲስ ጎጆም ልቧን ካላረጋው መሬቱን ለቀው ወደ ወገራ ሊመልሷት ቆርጠዋል።

ዙፋን ከሰላምታው በኋላ ጉልቻውን ደጅ እንዲተክሉት መከረቻቸው። አቶ ይርዳው ሳቁ። ደጅ የሚያነድ መንገደኛ ነው፤ በዚያ ላይ ድስቱን የአላፊ አግዳሚው ዓይን ያየዋል።

«ደግሞስ ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

«ወጡስ ጣፋጭ ነው አባቴ፤ እኔን ያሳሰበኝ የእማማ ትርንጎ ዓይን ነው። ጭሱ ይመስለኛል።»

«ጭሱማ ጠባቂያችን ነው፤ የወባ ትንኝ ያባርርልናል።»

በዚህ ክርክር ስንቱ ጎረቤት ረትቷታል። ዙፋን ግን ረጋ ብላ፣ «ማታ የምትተኙት የት ነው?» አለቻቸው።

«ደጅ ነዋ። በዚያ ሙቀትና ጭስ ማን ቤት ይተኛል?»

«እንግዲያው ጭሱ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው። እናንተን ለትንኝ አውጥቶ ሰጥቶ፣ ትንኝ እንዲገድል ዲዲቲ የተረጨውን ግድግዳ በጥላሸት ይለስናል።»

በልጅ መረታት ለሽማግሌ ይመራል፤ አቶ ይርዳው ግን እውነት ሲነገራቸው የሚያኮርፉ ሰው አልነበሩም። አህያቸውን እየነዱ፣ «በይ ቦታውን አሳዪኝ» አሏት።

ጉልቻው ነፋሱ ጭሱን ከቤቱ በሚያርቅበት በኩል፣ ከሳር ክዳኑና ከሰሊጡ ክምር ፈቀቅ ብሎ ተተከለ። አዛውንቱ ለሰው ዓይን ብለው ዙሪያውን እስከ ደረት የጭቃ ግድግዳ አቆሙለት፤ ከላዩም የበርሜል ቆርቆሮ ዘርግተው ጥላ አደረጉለት።

አዲሱ ጎጆ እንደ ቀድሞው ቤት አልሞቀም፤ ባልና ሚስት አልጋቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። በዚያ ዓመት ወባ ከቤታቸው አንድ ሰው እንኳ አልጣለም። ከሁሉም ይበልጥ አቶ ይርዳውን ያስደሰታቸው የባለቤታቸው ዓይን መጥራቱ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሲጠብቁ ትክ ብለው አዩዋት።

«ናፍቆቱ ለቀቀሽ?»

«የምን ናፍቆት?»

«ሦስት ዓመት ያስለቀሰሽ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ወጡን እያማሰሉ ሳቁ። «ጭሱ ነበር እኮ። አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አቶ ይርዳው አፈሩ። ከዚያ ወዲህ ጎጆ የሚሠራ ጎረቤት ሲያገኙ ስለ ነፋሱም፣ ስለ ወባውም፣ ስለ ክዳኑም በሰፊው ይመክራሉ። መጀመሪያ የሚሉት ግን፣ «እሳቱ ዳር የምትውለዋን ጠይቃት» ነው።