የምናሴ ቀኝ እጅ

ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሽፍቶችና የነጋዴዎች የጠረጴዛ ጨዋታን የፈጠረችው ዘቢደር፣ ሰሌዳውን እየቀረጸ በሚሸጥላት በታላቅ ወንድሟ በይርዳው የእንጨት ሥራ ቤት።

ዘቢደር፦ በመዶሻ ነው አሉ።

ይርዳው፦ መጀመሪያ በሩን ዝጊ፤ ደንበኛ ይሰማል።

ዘቢደር፦ ይስማ። ከሆስፒታል ነው የመጣሁት። የምናሴ ቀኝ እጅ እንደ ዱባ አብጧል። ከእንግዲህ እርሳስ አይይዝም ብለውታል ሐኪሞቹ።

ይርዳው፦ በጨዋ ደንብ ነው የጀመርኩት። የእህቴን ጨዋታ መቀየሩን ተው፣ የራስህን ፍጠር አልኩት። ራሷ ፈቅዳልኛለች ብሎ ሳቀብኝ።

ዘቢደር፦ ፈቅጄለታለሁ። «ሕጉ የሁሉም ነው፤ የፈለገ ይጨምርበት» ብዬ አይደል የጻፍኩት? ሳጥኑ ላይ የቀረጽከው አንተ ነህ።

ይርዳው፦ ለገበያ ማሳመሪያ መስሎኝ ነዋ። አሁን ልጆቹ የሚጠይቁኝ እሱ የሳለውን የጨው መንገድ ካርታ፣ እሱ የጨመራቸውን ሴት ሽፍቶች ነው። ያንቺን ስም የሚያነሳ የለም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

ዘቢደር፦ ባለቤቷ እኔ ነኝ። ከኔ በላይ ያወቅኸው አንተ ነህ። ያ ካርታ ባይመጣ ጨዋታው ሞቶ ነበር፤ ሰሌዳህም አቧራ ይለብስ ነበር።

ይርዳው፦ ጭንቅላቱን አልመታሁትም። ሁለት ሰዎች ያዙልኝ፤ የሚስልበትን እጅ ብቻ አልኩ። አንዴ ሊበቃ ይችል ነበር። ግን አልጮኸም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ደገምኩት።

ዘቢደር፦ ሚስቱስ?

ይርዳው፦ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ገፈተርኳት። ላንቺ ብዬ ነው፣ ዘቢደር።

ዘቢደር፦ አባባም እማዬን ሲደበድብ ለቤቱ ክብር ነው ይል ነበር። ጥርሷን ከወለል ላይ የለቀምነው አብረን ነው።

ይርዳው፦ አባባን አታንሺ። መዶሻው ይኸው እጄ ላይ ነው።

ዘቢደር፦ እንካ፣ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሕጉን የጻፈው፣ ለምናሴ የፈቀደው ይሄ እጅ ነው። ምታ።

ይርዳው፦ አንሺ።

ዘቢደር፦ ምታ አልኩህ።

ይርዳው፦ አንሺው፣ እታለሜ። መዶሻውን አስቀምጬዋለሁ፣ ይኸው። ነገ ሽማግሌ እልካለሁ፤ የምናሴ እግር ላይ እወድቃለሁ።

ዘቢደር፦ ሽማግሌዎቹን ፖሊስ ጣቢያ ላካቸው። ከሆስፒታል ወጥቼ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ፖሊሶቹ ደጅ ቆመዋል።