ሆዱ የሚታየው ኮምፒውተር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው ያለችው ወጣት ኮምፒውተር እንደምትጠግን ሲሰሙ ወደ እሷ ዞሩ።

«እግዜር ነው ያገናኘን! ልጄ ግዛልኝ ያለኝን ኮምፒውተር ሱቅ ድረስ ሄጄ አይቼው መምጣቴ ነው። በሬ ቢሆን ጥርሱን አያለሁ፣ አንድ ትልም አሳርሼ እሞክረዋለሁ። የዚህን ምኑን ልይ?»

«ዴስክቶፕ ነው ላፕቶፕ?»

«ትልቁ፤ ተገጣጥሞ ያለቀው። ጎኑ መስታወት ስለሆነ ሆዱ ይታያል። ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ያበራል።»

«የጌም ነዋ፣ አባቴ! ማን መረጠው?»

«ልጄ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ ነው ያለ፤ ለጥናት ከዚህ ሌላ አይሆንም አለኝ።»

«ለጥናትማ ተራውም ይበቃዋል። መብራቱ ለጌጥ ነው።»

«የምን ጌጥ! መብራት በጠፋ ጊዜ በእሱ ብርሃን አጠናለሁ ብሎኛል።»

ልጅቷ ሳቋን በእጇ አፈነች።

«አባቴ፣ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።»

«እንደ አምፖሉ?»

«እንደ አምፖሉ።»

«እንግዲያው ባለሱቁ አታልሎት ነው። ልጄ ይኼን ከየት ያውቃል?»

«ምንድን ነው የሚማረው?»

«ኤሌክትሪክ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሳቸው ግን ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ሄሎ፣ አንተ! በሬውን ገና አልሸጥሁትም፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለቱን ግን ተውሁት።