ከዓይን አይብለጥ

እንኳን በሰላም ገባሽ ልጄ። ቁጭ በይ እስኪ... ሕፃኗን ወዲህ ስጪኝ አልልሽም፤ እንደያዝሻት ተቀመጪ። መንገዱ እንዴት ነበር? ከሻሸመኔ አዳማ ድረስ በዚህ ሙቀት! ነፋሱ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የኛን አቧራ አውጥቶ የጎረቤት ሲያስገባ ነው የከረመው። እናትሽ ደህና ናቸው? የላኩትን ድንች አየሁት፤ ግማሽ ኩንታል! እግዜር ይስጣቸው፣ እጃቸው ሰፊ ነው። እጀ ሰፊ ሰው በጣም ደስ ይለኝ ነበር... ከዚህ ሳምንት በፊት ማለቴ ነው።

እጄን አትዪው፣ ከባድ ሥራ አልያዝኩም፤ አተር እየላጥኩ ነው። አዎ፣ የተቀቀለ አተር፣ አንድ በአንድ። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ አተር ስከካ፣ ስፈጭ፣ ስቆላ፣ አንድም ቀን አንዷን ፍሬ ይዤ "ነይ ልብስሽን ላውልቅልሽ" ብያት አላውቅም ነበር። መማር መቼም አያልቅም። አንዳንዱ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ይማራል፤ አንዳንዱ ደግሞ... በሌላው ነፍስ ይማራል።

አንድ ወሬ ላጫውትሽ? አንቺ ሳትኖሪ የሆነ ነው። ስለ አንዲት ሴትዮ። ስሟን አልነግርሽም፤ እኔ ዲንቄ የሰው ስም እየጠራሁ ማማት አልወድም፣ አማትሽን ታውቂኛለሽ። ብቻ ሩቅ ሰው አይደለችም። ወለንጪቲ ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ አዳማ ልጇ ቤት የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቁመቷ... እኔን የምታህል። ምነው አየሽኝ? እኔን የሚያህል ሰው አዳማ ውስጥ ጠፍቶ ነው?

ይቺ ሴትዮ ምራት አለቻት። ምን የመሰለች! የተማረች፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራ፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ከ"እርስዎ" ዝቅ ያለ ቃል ካፏ የማይወጣ። ልጇ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ሲል ሞጆ ሲል የሚኖር። ያገቡበትን ቀን ለማስታወስ ብሎ ሁለት ዓሣ በመስታወት ሣጥን ገዝቶ አመጣላት። ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያመጣል፤ የሷ ልጅ ወርቅ የሚመስል ዓሣ አመጣ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። ያቺ ሴትዮ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን "መቼ ነው የሚጠበሱት?" ብላ ጠየቀች አሉ። ብልህ ናት መቼም።

ምራቲቱ ሕፃኗን ለእናቷ ልታሳይ ለሳምንት ስትሄድ ዓሦቹን ለሴትዮዋ አደራ ሰጠች። በቃል ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ጽፋ፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፋ። የሐኪም ትእዛዝ እንኳ እንደዚያ አይዘረዘርም። ጥሩነቱ ሁሉም ከኩሽና የሚገኝ ነው፣ ሩቅ አያስኬድም። አተር ተቀቅሎ፣ ልጣጩ ወጥቶ፣ ለሁለቱ ሁለት ፍሬ። አንዳንድ ቀን በአተሩ ፈንታ ቆስጣ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ወጥቶ፣ በደቃቁ ተከትፎ። የእንቁላል አስኳል በሳምንት አንዴ፣ እሱም የጥፍር ጫፍ። ዳቦ ክልክል፣ ሆዳቸው ውስጥ ያብጣል። ጨው፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ በርበሬ ክልክል። በሁለት ደቂቃ ያልበሉት ተለቅሞ ይውጣ። የቧንቧ ውሃ ተቀድቶ ሳያድር አይጨመር። መጨረሻው ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ "ከዓይን አይብለጥ።"

እዚህች ላይ ነው ነገሩ። ከዓይን አይብለጥ... የማን ዓይን? ምራቲቱ አንዷ ጉርሻ ከዓሣው ዓይን አትብለጥ ማለቷ ነው። ያቺ ሴትዮ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጨውንም በርበሬንም በዓይኗ ስትለካ የኖረች ናት። "ጎሽ፣ ይችን እንኳ አውቃታለሁ፤ በዓይን መጥነሽ ስጪ ነው የምትለኝ" አለች። ዓይኗን ደግሞ ታውቂዋለሽ... ለካ አታውቂያትም። ትልቅ ነው፣ ዓይኗ ትልቅ ነው። ድስት ሙሉ ሠርታ ክዳኑ አልገጥም ሲላት "አነሰ መሰለኝ" የምትል ሴት ናት።

ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀቱን አክብራለች። ሁለት ፍሬ ላጠች፣ ጣለችላቸው። ዋጥ፣ ዋጥ። አለቀ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ቀዩ ዓሣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ዓይን ዓይኗን እያያት አፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። ሴትዮዋ አፈረች። እንግዳ ቤቷ ተቀምጦ በአንድ ፍሬ አተር ሊሸኝ? የወለንጪቲ ዘመድ ቢሰማ ምን ይላል?

አንቺ ራስሽ የሻሸመኔ ልጅ ነሽ፣ ይኼ አይጠፋሽም። እንግዳ አንዴ "ጠገብኩ" ቢል ይሉኝታ ይዞት ነው። ሁለተኛ ቢል ጨዋ ስለሆነ ነው። ሦስተኛ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሲምል ነው እንግዲህ የምታምኚው። ዓሣው ሦስቴ ቀርቶ አንዴም "በቃኝ" አላለም! ታዲያ አፉን እየከፈተ እንዴት ትለፈው? "በሞቴ" አለችው፤ በላ። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" አለችው፤ በላ። ምናልባት አማርኛ አይሰማ ይሆናል ብላ በኦሮምኛ "ኛዱ፣ ኛዱ" አለችው፤ እሱንም ሰማ፣ በላ። በሞቴ፣ በሞቴ ስትል ዋለች... በማን ሞት እንደሆነ ኋላ ታየ።

ማክሰኞ ዳቦ ገባ። ረቡዕ ቂንጬ። ሐሙስ... እንዲያው ለመናገርም ያሳፍራል... ጭኮ። አዎ ልጄ፣ ጭኮ! የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው፣ አንቺ ስትወልጂ የበላሽው። እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል? ቅቤው ውሃው ላይ ቀልጦ ሲንሳፈፍ ሴትዮዋ "ይኸው፣ ወዛቸው ወጣ" ብላ ደስ አላት። ውሃው እንደ አጥሚት ሲወፍርባት ጊዜ ከቧንቧ በጆግ ቀድታ፣ ያን መድኃኒት መድኃኒት የሚሸተውን፣ እንዳለ ገለበጠችላቸው። ከጭኮ በኋላ ውሃ ይጠማል ብላ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቀዩ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንጋሎ አገኘችው። ምን አለች መሰለሽ? "ተመስገን፣ አሁን ገና ጠገበ።" ዝንብ እንዳይረብሸው ነጠላዋን ሣጥኑ ላይ ጣል አደረገችለት፤ ቴሌቪዥኑንም ቀነሰች። እስከ ምሳ ሰዓት ኮቴዋን አጥፍታ ነበር የምትራመደው፣ ልጇ ከጅቡቲ ገብቶ ነጠላውን ገልጦ "እማዬ፣ ይሄ እኮ ሞቷል" እስኪላት ድረስ።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የነገራት ነው። "አፉን እኮ የሚከፍተው ሲተነፍስ ነው" አላት። ትንፋሽ ነበር ልጄ! ርቦት አልነበረም። ምስኪኑ ሲተነፍስ ባየችው ቁጥር ነው የምታጎርሰው። ይኼን ከሰማች ጀምሮ ሴትዮዋ አንድ ነገር ታስባለች አሉ... ያቺ ዝምተኛ ምራቷ በነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ ይሆን፣ ርቧት መስሏት በጉርሻ የዘጋችው?

እሺ፣ እንለፈው። ምራቲቱ እሑድ ትመጣለች፤ ቀዩ ዓሣ ደግሞ ፓፓያው ሥር ተቀብሯል። ታዲያ ብልሃተኛዋ ምን አደረገች? ነጠላዋን አጣፍታ ባጃጅ ተሳፈረችና ገበያ፣ ዓሣ ሻጩ ቢኒያም ዘንድ ሄደች። ከቆቃ ሐይቅ የመጣውን ቆሮሶ ዓሣ በረዶ ላይ ደርድሮታል። "ቀይ አለህ? በሕይወት ያለ? ጣቴን የሚያህል?" አለችው። ሰውዬው አያት፣ አያትና "ማዘር፣ ለጥብስ ነው ለጉላሽ?" አላት። "ለምራቴ ነው" አለችው። በቃ ተዪው፤ እዚያ የነበረው ሰው እስካሁን እየሳቀ ሳይሆን አይቀርም።

አንቺ ግን አልሳቅሽም። ገና ስትገቢ ሣጥኑን እንዳየሽው እኮ አይቻለሁ። አንድ ብቻ መሆኑን አየሽና ዝም አልሽ። እንዴት ያለ ዝምታ ነው! ሌላ ምራት ብትሆን ትጮህ ነበር፣ አማቷም ትጮህ ነበር፣ ተላቅሰው ይወጣላቸው ነበር። ያንቺ ሥልጡን ነው፤ ምንም ሳይባል ሁሉም ይባላል።

ሴትዮዋ ሌላም ጉድ አለባት። የዚህ ቤት... የነሱ ቤት ማለቴ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው። ምራቲቱ ነገ ሰኞ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ከመሄዷ በፊት ለባሏ በስልክ "ልጃችንን ጂቱን ሞጆ፣ መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ያለው ሕፃናት ማቆያ አስገባታለሁ፤ እናትህ ጋ አልተዋትም፣ ማጉረስ አያቆሙም" ስትል ሰምታለች። ሳትወድ ነው የሰማችው፤ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ጉልበቷን አሟት ነው። እና አራት ወር ሙሉ ይቺን ሰኞ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ልጅቷን ይዛ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ፣ ጎረቤቱ "የልጅ ልጅሽ ናት?" ሲላት፣ በሐሳቧ ስንት ጊዜ መልሳዋለች መሰለሽ። ዓሦቹን አደራ ስትባል ፈተና መሆኑ ገባት። "እነዚህን አወፍሬ ባስረክባት ልጇን ትሰጠኛለች" አለች። አወፍሬ! የተከለከለችውን እኮ ነው ማስረጃ አድርጋ ልታቀርብ የነበረው። ፓፓያው ሥር ስትቀብረው አለቀሰች። ጣት ለምታህል ዓሣ ይኼ ሁሉ እንባ ይፈሳል? ለሌላ ነው ያለቀሰችው።

"አጠፋሁ" ብትል ይበቃት ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ይቺ ቃል ለሷ ትልቅ ናት፣ ከዓይኗ ትበልጣለች፣ አንቃ ትይዛታለች። ስለዚህ ዞር ዞር ብላ፣ ስለ ሰው እያወራች አስመስላ... ምን አገባኝ፣ የራሷ ጉዳይ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ብሆን ለዚያች ሴትዮ ልጅ አልሰጥም። ሁለት ተቀብላ አንድ ያስረከበች ሴት፣ አንድ ብትቀበል ስንት ልታስረክብ ነው? "የራሷን ልጅ አሳድጋ የለም ወይ?" ትዪኝ ይሆናል። የጋሮምሳን ሆድ አይተሽዋል? መሪው ጋ ይደርሳል እኮ... ስሙን ጠራሁት እንዴ? ሌላ ጋሮምሳ ነው፣ አንቺ አታውቂውም።

ቢጫው ዓሣ ግን ደህና ነው፣ አትስጊ። እሱማ ገና ከጅምሩ ጨዋ ነበር፤ በሞቴ ስትለው ፊቱን አዙሮ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ድምፁ አይሰማም። ምራቲቱን ይመስላል። ከዓርብ ወዲህ ውሃው እያደረ ነው የሚጨመርለት፤ አንድ ቀን ሆዱ እንዲያርፍ ብላ ጾም አዋለችው፤ ዛሬ በሰዓት እየተጠበቀ ሁለት ደቂቃ ይበላል። ይኸው፣ ከተላጠው መርጬ አንዲቷን ፍሬ፣ እሷንም በጥፍሬ ቆራርጬ። ድሮ ሁለት ፍሬ ነበር፤ በላተኛው ስለቀነሰ ነው። የቀረውን እኔው እበላዋለሁ... ሳላበዛ።

በይ ተነሺ፣ ልጅቷ እንቅልፍ ጥሏታል፣ ነገም በጠዋት ሞጆ የምትሄዱ ናችሁ። ከመነሳትሽ በፊት ግን ያቺን ሴትዮ አብረን እንመርቃት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ጥርሷ ያለቀ ቀን፣ ጉልበቷ የከዳት ቀን፣ እጇ ጉርሻ አላነሳ ያላት ቀን፣ አጠገቧ አንቺን የመሰለች ምራት አያሳጣት። ፍሪጅ ላይ ጽፋ የምትለጥፍላት... ቅቤ ሳታስነካ፣ ልጣጩን ልጣ የምትሰጣት... በሁለት ደቂቃ ያልበላችውን ከፊቷ የምታነሳላት... "በሞቴ" ብላ አንድም ቀን የማታስጨንቃት። በቀን አንዴ፣ ከዓይኗ የማትበልጥ እያጎረሰች፣ መቶ ዓመት ታኑራት።

አሜን በይ እንጂ ልጄ፣ ኢንተለ ኮ።