ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም... ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ እንጂ። ያኛው ወንበር ይወላገዳል፣ ወደዚህ ነይ። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ባለቤትሽስ? ጎሽ። ሻይ ልቅዳልሽ። ስኳሩን ራስሽ ጨምሪ፣ የሻይ ቀማሽ እጅ ስኳር ላይ ስስታም ነው። ደግሞ ቀምሰን የምንተፋበት ክፍላችን መስሎሽ እንዳትተፊው!

ትናንት ያንን ባዶ ብልቃጥ ይዘሽ ስትመጪ ማን ትዝ እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? አንዲት ጓደኛዬ። አይ፣ አታውቂያትም። እኔም የማውቃት ይመስለኝ ነበር...

መቼም ዓይን አፋርነቴን ታውቂዋለሽ። ይህን ሁሉ ተምሬ ዛሬም ወንድ ፊት ስቆም ፊቴ ይግላል። ያኔ ሻይ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው እወድ ነበር። ይኸው፣ ወጣልኝ! የጭነት ክፍል ኃላፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስና የጆንያ አቧራ ሲውጥ ውሎ በመስኮታችን ሲያልፍ፣ "እንዴት ዋላችሁ፣ ቀማሾች!" ይላል። የሚለው ለሁላችንም ነው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሞኝ ልብ።

የክፍላችንን ሕግ አትረሺውም። ሽቶ ክልክል፣ ቅባት ክልክል፣ ሳሙናው እንኳ ሽታ የሌለው። አንዲት ጠብታ ሽቶ የሃያ ሲኒ ቅምሻ ታበላሻለች። ሽቶ የተከለከለ አፍንጫ ደግሞ እንደ ተራበ ሰው ነው። አንድ የዕረፍት ቀን ሽቶ መደብር ገባሁ። ሻጩ ቀጫጭን ወረቀት እየነከረ ያቀርብልኝ ጀመር። አንዱ ይጣፍጣል፣ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ራስ ያዞራል። ከዚያ አንዱን ሲሰጠኝ... እንዴት ልንገርሽ? በታፈነ ክፍል ውስጥ መስኮት እንደ መክፈት ነበር። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ አሁን የተቆረጠ ኪያር፣ ከዚያ ጨው ያለበት ነፋስ፣ በመጨረሻ ውሃ የመታው ድንጋይና እርጥብ እንጨት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እግሬ የራሰ መሰለኝ። አቧራ ለሚውጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጠዋል? ገዛሁት።

አሁን ሞኝነቴን ስሚ። በእኛ ክፍል ሲኒ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ቀማሹ የማን ሻይ እንደሆነ ካወቀ ያዳላል። እኔም በልማዴ ስጦታው ላይ ስም አልጻፍኩም! ይዤው እንዳልገባ ሕጉ፣ በእጄ እንዳልሰጠው ሐፍረቱ ያዘኝ። ስለዚህ እንግዳ መቀበያ ለምትሠራው ለዚያች ጓደኛዬ ሰጠኋት። "አደራ፣ ከእኔ ነው በይልኝ" አልኳት። አንቺም ያኔ እንግዳ መቀበያ ነበርሽ መሰለኝ? እዚያ ሁለት ወንበር ነበር... ሌላኛዋ ትሆናለች።

አደራ የሚበላ ስንት አለ! እሷ ግን አንዲት ጠብታ ሳታጎድል አደረሰች። "ምን አለ?" ብላት፣ "በጣም ደስ ብሎታል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሱ ባለፈ ቁጥር ባሕሩ በመስኮት ይገባ ጀመር። አለቃችን "መስኮት!" ብሎ ይጮኻል፣ ቅምሻው ይቆማል። ለመስኮቱ የምቀርበው ደግሞ እኔ። በገዛ እጄ በመረጥኩት ሽታ ላይ በገዛ እጄ መስኮት ስዘጋ... ተይው።

በሠርጋቸው ቀን የቀሚሷን ዚፕ የሳብኩላት እኔ ነኝ። እኔን ሳይሆን እሷን መረጠ፣ ምን ይደረግ፣ ብዬ ነበር። ከዚያ ሙሽራው እንግዶቹ ፊት ቆመና፣ "ይህ ሽቶ ከማን ነው ብላት ዝም ብላ ፈገግ አለች፤ ያን ጊዜ አለቀልኝ" አለ። አየሽልኝ? አንዲት ቃል አልዋሸችም! እንዲህ ያለ ንጹሕ አንደበት ከየት ይገኛል? በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚሉት እሷን ስላላዩ ነው። እንዴት ደምቃ ነበር! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማም ይላሉ፤ የኔዋ ብልህ ላሟንም ነድታ ሄደች። እኔ አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ አድርጌ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔው ግን አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጦ ይኸው ነቀዘ።

ምነው ሻዩን ተውሽው? መረረሽ? ጠጪ እንጂ፣ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። የባልሽ ብልቃጥ ከዚያኛው ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ስንቱ ወንድ ነው ባሕር ባሕር የሚሸተው! የላዩን ጽሑፍ የዘመን ብዛት ፍቆታል አልሽኝ። ከሠርጉ ወዲህ በየዓመቱ ለጋብቻችሁ መታሰቢያ ቀን ብቻ እየቆጠበ ሲቀባው ኖሮ ዘንድሮ አለቀበትና፣ "ያኔ ከገዛሽበት ግዢልኝ" አለሽ። አንቺ ደግሞ ስሙም መደብሩም ጠፋሽ። ምን ነውር አለው? ሰው በገዛ እጁ የገዛውን ይረሳል... ሦስት መደብር ዞረሽ ስታጪው የኔ አፍንጫ ትዝ አለሽ። እግዜር ይስጥሽ። ከአፍንጫዬ ሌላ ምኔን የሚያስታውስ አለ?

ታዲያ በነጋታው፣ ዛሬ ጠዋት ማለቴ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ያ መደብር ሄድኩ። ክዳኑን ሳላነሳ አወቅኩት። ይኸው፣ እንደ ድሮው አስጠቅልዬዋለሁ። ስም አልጻፍኩበትም፣ ልማዴ ነው። የመደብሩን አድራሻ ግን በብጣሽ ወረቀት አድርጌልሻለሁ፤ ከየት ገዛሽው ሲልሽ ዘንድሮም በፈገግታ ብቻ እንዳትደክሚ። ውሰጂለት። ዕቃ ማድረስ ማን እንደ አንቺ!

ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ እህቴ። ይህ ሽታ ከአንገቱ አይጥፋ። እስክታረጁ ድረስ፣ ባቀፈሽ ቁጥር፣ የኔ ምርጫ ይሽተትሽ።